የታመመ ሰው ማን ጋ ይደር?

በወሎ፣ በራያ ቆቦ የአንድ ሰው አእምሮ ሲታወክ ዘመድ አዝማድ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ሕክምናው ነው። ክርስቲያኑ ጸበል ያስጠምቃል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያስደርጋል፤ አቅም ያለው ወልዲያ ወይም ደሴ ድረስ ይወስደዋል። ሕመምተኛው መርፌውን ተወግቶ፣ ኪኒኑን በፌስታል ቋጥሮ ሲመለስ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ማን ጋ ይደር? መድኃኒቱን የዋጠበትንና ያልዋጠበትን ቀን ማን ይከታተል? ጥያቄው በራያ ቆላ የቆየ ነው፤ ቤት አልባው ከበዛ ወዲህ ግን መልሱ ጠፍቷል።

ለረጅም ዘመን የአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። ከቆቦ የሚነሳ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይታይ ነበር፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ መሳፈሪያ ካጣ ሕክምናው በዚያው ይቀር ነበር። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. በጀመረው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ አቀደ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ችግሩ ጤና መሥሪያ ቤት መድኃኒት እንጂ ቤት አያድልም፤ የቤት ጉዳይ የሚመለከተው ክፍልም ሕመም አያክምም። ሕመምተኛው ሜዳ ላይ ይቀራል።

በአዲስ አበባ ጎዳና የሚኖሩ 217 ሰዎችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት 41 በመቶዎቹ ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውኑ ዓለም የሚያለያይ ከባድ ሕመም፣ እንዳለባቸው አገኘ። ጎዳናው አሳመማቸው ወይስ ሕመሙ ጎዳና አወጣቸው? ሁለቱም ይሆናል። ሕመሙ ሲጠና፣ ቤት ውስጥ ጠብ ሲበረታና አስታማሚው ሲታክት ሰው ከገጠር ቤቱም ይወጣል።

ቆቦ ላይ ደግሞ ጦርነት ተጨመረበት። ከተማዋ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ተያዘች። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. 23 ሰዎች በእነዚሁ ኃይሎች እንደተገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች ምስክሮችን ጠቅሶ ዘግቧል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው ሲያገረሽ ሕዝቡ እንደገና ወደ ወልዲያና ደሴ ፈለሰ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከአጎራባቿ ከአላማጣና ከአካባቢዋ 50,000 ገደማ ሰዎች ሲፈናቀሉ አብዛኞቹ የተጠጉት ቆቦ ነው። ትናንት የተሰደደ ከተማ ዛሬ ስደተኛ አስጠጋ ማለት ነው፤ አስተናጋጁም እንግዳውም ሐዘን ያልወጣላቸው።

ማደሪያና አእምሮ አንድ ጉዳይ የሚሆኑት በወሎ ቅሬ በሚባለው እድር በኩል ነው። ቅሬ የሚመዘግበው ቤትን ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ ለቅሶ ደራሹ ይመጣል። ከቤቱ የታመመ ካለ ጎረቤት የሚያውቀውና የሚጠይቀው፣ ማሽላው ሲደርስ ደቦ የሚወጣለት በዚሁ ትስስር ነው። በትምህርት ቤት ተጠልሎ ያለ ተፈናቃይ፣ አከራይ በየወሩ የሚቀያይር ሰው ግን መዝገቡ ላይ የለም። ቤቱ ሲሄድ ጠያቂውም አብሮ ይሄዳል። ይገርመኛል፤ በራያ ቆቦ ደም የሚያደርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎች ገዳይን ከሟች ወገን ጋር ያስታርቃሉ። ሕመምተኛን ከታከተ ወንድሙ ጋር ማስታረቅ ከዚያ ይከብዳል?

ሐኪም ያልሆነ ሰው የሚሰጠው ድጋፍ ፍሬ እንዳለው በአገራችን ተፈትኗል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ልጆች ጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤታቸው እየሄዱ ደገፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣው ውጤት በጤና ጣቢያ ክትትል ብቻ ከቆዩት ይልቅ ድጋፉን ያገኙት የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት እንደቻሉ አሳየ። በዚምባብዌም የጓደኝነት ወንበር በሚባለው አሠራር የሠለጠኑ አያቶች ከጤና ጣቢያ ደጅ ተቀምጠው ጭንቀት የያዘውን ሰው ያዳምጣሉ። ልብ እንበል፤ የሶዶው ሙከራ ቤት ለቤት ነው። ቤት የሌለውን የት ሄዶ ያገኘዋል?

በሕመሙ ራሱ ያለፈ ሰው ሌላውን እንዲደግፍ ደመወዝ መክፈልም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ከጀመረ በኋላ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በየጤና ተቋሙ ኬዝ ማናጀር ሆነው ተቀጠሩ። መድኃኒት ያቋረጠውን ቤቱ ድረስ ሄደው የሚመልሱት እነሱ ነበሩ። ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች የድጋፍ ቡድንም በዚሁ መንገድ ተደራጀ። ለአእምሮ ሕመም ይህ አልተደረገም፤ ያሳለፉት ሰዎች በአገር ደረጃ የተገልጋዮች ማኅበር ቢኖራቸውም በወረዳ ደረጃ የሥራ መደብ የላቸውም። የኤችአይቪው ሥራ ድክመቱ ገንዘቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ የ5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ።

ማደሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መቄዶንያን ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በወላጆቹ ቤት የጀመረው ማዕከል ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በሺዎች ያኖራል። ማንም ያላነሳውን አንስቷልና ክብር ይገባዋል። ሆኖም የራያ ገበሬ መሬቱና በሬው ቆቦ ሆነው ለዘለቄታው ከቀዬው ርቆ በማዕከል ቢኖር አይጠቀምም። የሚያስፈልገው እዚያው አንዲት ክፍልና በየሳምንቱ ብቅ የሚል ሰው ነው። አከራይ የሚፈራው ሕመሙን ነው፤ ቅሬው ዋስ ቢሆንለት ሊያከራየው ይችላል። ቅሬው ደግሞ ዋስ ከመሆኑ በፊት ሕመሙ በሌሊት ቢነሳበት ማንን እንደሚጠራ ማወቅ ይፈልጋል። ያ የሚጠራው ሰው በነፃ እየሮጠ አይዘልቅም፤ በወረዳው በጀት ላይ ስሙና ደመወዙ ሊሰፍር ይገባል።