ያገለገለ የናፍጣ ፒካፕ ስንገዛ ምን ምኑን እንይ?

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ዓይኑን ጨፍኖ ገንዘቡን አይቆጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ጫንቃውን ይዳስሳል። ሰኮናውን ያነሣል። ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። «ለምን ትሸጠዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም እንዳለ አያምንም። ይህን ከአባቱ ተምሮታል። የበሬን ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚያስወጣ መኪና ሲገዛ ግን ያው ገበሬ ቀለሙን አይቶ፣ ጥሩምባውን ሰምቶ፣ ደላላው ያለውን አምኖ ሲፈርም እናያለን። ይህ ለምን ይሆናል? በሬውን ያውቀዋል፤ ሞተሩን ግን አያውቀውም።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን መኪና የሚገዛው አንድ ሰው ብቻውን አይደለም። ወንድማማቾች ወይም ጎረቤታሞች ያዋጣሉ። አንዱ በሬ ይሸጣል፣ አንዱ ባሕር ዛፉን ያስቆርጣል፣ አንዱ ደግሞ ይበደራል። መኪናው ደህና ከሆነ ጤፉና ድንቹ ገበያ ይደርሳል። ምጥ የጠናባት ሴትም በቃሬዛ ከምትጉላላ በጊዜ ሐኪም ቤት ትደርሳለች። ሞተሩ ያለቀለት ከሆነ ግን ብሩ ይሄዳል፣ ዕዳው ይቀራል፣ ጉርብትናውም ይሻክራል።

«ታዲያ ለምን አዲሱን አንገዛም?» የሚል አይጠፋም። አዲሱ ውድ ነው። አሮጌውም ቢሆን በርካሽ አይገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና እየተጠገነ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እናንተ የምታዩት ቶዮታ ሃይሉክስ ሦስት አራት ጌታ አልፎበት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንናገር፤ ይህ ካልገባን ምርመራው አይገባንምና። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር አየርን አጥብቆ በመጭመቅ ያግላል። የብስክሌት ጎማ በእጁ የነፋ ሰው ይህን ያውቃል። ሲነፋ ሲነፋ የመንፊያው ሥር ይግላል፤ አይደል? በሞተሩም ውስጥ ፒስተን የሚባለው ብረት አየሩን ከ15 እስከ 22 እጥፍ ያጠብበዋል። በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች ካለቁ ግን አየሩ በጎን ያመልጣል። ካመለጠ በደንብ አይግልም፤ ካልጋለ ናፍጣው አይነድም። የናፍጣ ሞተር አረጀ የሚባለው በአብዛኛው እንዲህ ሲሆን ነው።

ይህ ሕመም ጎልቶ የሚታየው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ መኪና ለማየት ደህናው ሰዓት ማለዳ 12 ሰዓት ነው። ሻጩ «ከምሳ በኋላ ኑ» ቢላችሁ፣ «የለም፣ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን» በሉ። ስትደርሱ ከሁሉ በፊት ኮፈኑን አስከፍቱና መዳፋችሁን በሞተሩ ላይ አሳርፉ። ቀዝቃዛ ከሆነ መልካም። ለብ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ በማግስቱ ተመለሱ። መኪናው የቆመበትንም ቦታ ልብ በሉ። ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ የሚያድር መኪና በግፊ የሚነሣ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ወይም ሞተሪኖው ደክሟል።

ቁልፉ ሲዞር እንደ ጥቅልል ሽቦ ያለች ትንሽ መብራት ትበራለች። ይህች የማሞቂያው ምልክት ናት፤ እስክትጠፋ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ደህና ሞተር በሁለት ሦስት ሰከንድ ይነሣል። እያቃሰተ ብዙ ከቆየ፣ ወይም ከተነሣ በኋላ አንድ እግሩን እንዳመመው ፈረስ እያነከሰ ከዞረ ምክንያቱ መታወቅ አለበት። የማሞቂያ ካንዴላ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ቀለበቱ ወይም የናፍጣው ፓምፕ ከሆነ ግን ከባድ ወጪ ነው።

አሁን አንዳችሁ ከኋላ ቁሙና ጭሱን ተመልከቱ። የጭስ ቀለም ብዙ ይናገራል። በብርድ ማለዳ ጥቂት ነጭ ጭስ ወጥቶ ወዲያው ቢጠፋ አያሳስብም። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካላቆመ ወይ ናፍጣው በደንብ እየነደደ አይደለም፣ ወይ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል፤ ይህ ክፉ ምልክት ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ናፍጣው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ ነው። እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። በደጋችን ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አራተኛ ግድም ይሳሳል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ደህና ሞተርም ዳገት ላይ ጥቂት ጠቆር ያለ ጭስ ሊያወጣ ይችላል። አገሩን እንደ ሰደድ እሳት የሚያጠቁረው ግን ሌላ ነው።

ሞተሩ እየዞረ የዘይቱን መሙያ ክዳን ቀስ ብላችሁ አስከፍቱ። ትንሽ ትንፋሽ ይኖራል። ጭሱ እየተግለበለበ፣ ቱፍ ቱፍ እያለ ከወጣ ያ ቅድም የተናገርነው ያመለጠ አየር ነው። እዚህ ላይ አደራ! የሚዞር ቺንጋና ማራገቢያ አጠገብ ጋቢና ነጠላ ለብሶ መጎንበስ አይገባም። ጨርቁን ከያዘው ሰውየውንም ይስበዋል። ጋቢያችሁን አውልቃችሁ ለጓደኛ ስጡ።

ዘይቱን ለማየት ሞተሩ ይጥፋ። የመለኪያውን ዘንግ አውጡ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። በዚህ ሻጩን መክሰስ አይገባም። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን ውኃና ዘይት ተቀላቅሏል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ሂዱ። የራዲያተሩም ውኃ እንዲሁ ይታያል። የዘይት ዓይን ከላዩ ከተንሳፈፈ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም። የራዲያተር ክዳን ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚከፈተው። በጋለ ጊዜ ቢከፈት የፈላው ውኃ ፊት ላይ ይፈነዳል፤ ዓይን ያጠፋል። በእኛ ከፍታ ክዳን ያልተገጠመበት ውኃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል እንጂ እንደ ባሕር ዳርቻው 100 አይደርስም። እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው ክዳኑ ነው። ጎማው ያለቀ ክዳን እንደ ቀላል ነገር አይታይ፤ በርካሽ ይገዛል፣ ሲበላሽ ግን ሞተር ያቃጥላል።

ቀጥሎ ከመኪናው ሥር ተኙ። አዎ፣ ልብስ ይቆሽሻል። ሞተሩንም፣ ጭነቱንም የሚሸከመው ሻንሲ የሚባለው ረጅም ብረት ነው። ከመጠን በላይ ጠርብና ጆንያ ሲጫንበት የኖረ ፒካፕ ሻንሲው ይሰነጠቃል፤ ባሌስትራውም ይሰበራል። ስንጥቁ ተበይዶ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበት ይሆናል። በመዶሻ ወይም በድንጋይ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ ደህና ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ዱም ይላል። የጭነቱን ወለል ምንጣፍም አንሡ። በግና ከብት የተጫነበት ወለል ከሽንቱ የተነሣ ቶሎ ይዝጋል። ስቱኮ ተመርጎበት ቀለም የተቀባውን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት ከጨርቅ ጋር ያዙ። ላሜራውን ማግኔቱ ይይዛል፤ ስቱኮውን አይዝም። ሞተሩ በሙሉ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ ከሆነም ጠርጥሩ፤ የሚያፈሰው ዘይት የት እንደሆነ እንዳይታይ ይሆናል።

የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ አትመኑት። ወደ ኋላ ይመለሳል። ይልቅ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን መርገጫ እዩ። ጎማው አልቆ ብረቱ ካፈጠጠ፣ መሪው እንደ ድጅኖ እጀታ ከለሰለሰ፣ ቆጣሪው ግን 60 ሺህ ካለ አንዱ ይዋሻል። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ እየዞረ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ስትነዱ ደግሞ በሜዳ ብቻ አትወሰኑ። ሻጩ የከተማውን አስፋልት ሊያዞራችሁ ይወዳል። ዳገት ጠይቁ። በእኛ አገር ከአባይ በረሃ የተሻለ ፈተና የለም። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ሲወርድ መኪናው በትንሽ ማርሽ በሞተሩ ይያዝ፤ ማርሹ እያመለጠ ከወጣ ካምቢዮው ታምሟል። ፍሬን ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን መጎተት የለበትም። ፍሬኑ መፈተን ያለበት ግን አስቀድሞ፣ በሜዳ ላይ ነው። ያልተፈተነ ፍሬን ይዞ ወደ አባይ መውረድ ነፍስን በቀብድ መስጠት ነው። ከድልድዩ ሲመለስ ሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ። ሽቅቡን ሁሉ ወጥቶ መርፌው ከመካከል ብዙ ካልተነሣ ራዲያተሩም፣ የውኃው ፓምፕም ደህና ናቸው።

ይህ ሁሉ አልፎ መኪናው ቢያስደስታችሁም ገና አልጨረሳችሁም። ወረቀቱ አለ። ፊደል መቁጠር እዚህ ላይ ብር ያተርፋል። ሊብሬውን ራሳችሁ ያዙ፤ ደላላው እንዲያነብላችሁ አትጠብቁ። በሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። ያው ቁጥር በሞተሩና በሻንሲው ብረት ላይ ተመትቷል። አንዱ ሊብሬውን ይዞ አንዱ ብረቱን እያየ፣ እያንዳንዱን አኃዝ ተራ በተራ አመሳክሩ። በመካከሉ የፈረንጅ ፊደል ይኖርበታል፤ ማንበብ ባትችሉ ቅርጹን አስተያዩ። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም አንድ አኃዝ የተለየ ቁጥር ካገኛችሁ ተዉት፤ የተሰረቀ መኪና የገዛ ሰው መኪናውንም ብሩንም ሊያጣ ይችላል።

ሻጩ በሊብሬው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው? ካልሆነ የውክልና ወረቀቱ የታለ? መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሏል? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ የለበትም? ይህን የሚያረጋግጠው የሻጩ ቃል አይደለም፤ የመኪናው ፋይል ያለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው። ሳይጠይቁ ቀብድ መስጠት አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ ቀብዱ ስንት እንደሆነ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። አብራችሁ የምትገዙም እርስ በርሳችሁ ማን ስንት እንዳዋጣ ጻፉ። ወንድማማች ነን ብሎ መተው በኋላ ያጣላል።

አንድ መካኒክም ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው ሳይሆን እናንተ የምትከፍሉት ይሁን። ናፍጣው በኮምፒዩተር በሚታዘዝ ኢንጀክተር የሚረጭ አዲስ ዓይነት ሞተር ከሆነ ያለ መሣሪያ በዓይን ብቻ አይታወቅም። ይህ ሞተር ቆሻሻ ናፍጣ አይወድም፤ ኢንጀክተሩም ውድ ነው። በፓምፕ ብቻ የሚሠራው አሮጌው ዓይነት ጉልበቱ ቢያንስም ለገጠር መንገድ የሚቀል ይመስለናል።

ከገዛችሁ በኋላ በመጀመሪያው ቀን እህል አትጫኑ። ዘይቱንና ማጣሪያዎቹን አስቀይሩ። በሞተሩ ፊት፣ በክዳን ውስጥ የተሸፈነው የጥርስ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ በወረቀት ካላሳያችሁ እርሱንም አስቀይሩ። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሄድ መቀየር አለበት፤ በመንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ይሰብራል። ከናፍጣው ማጣሪያ ሥር ያለችውንም ማፍሰሻ ፈትታችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፤ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ ድረስ አፍስሱት።