ማታ ምን ይፍላ? እንቅልፍ የማይነሣ ትኩስ መጠጥ ለደጋ ቤት

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረናና የሳይንት ቀበሌዎች ማታ ያለ ትኩስ ነገር አይመሽም። አንደኛው ምክንያት ብርዱ ነው፤ ሁለተኛው ጎረቤቱ። ከእራት በኋላ ቡና ጠጥተው ሌሊቱን ዓይንዎ ፈጦ የሚያድር ከሆነ ይህ ማብራሪያ ለእርስዎ ነው። ጀበናውን ይስቀሉ አልልዎትም። ውስጡ የሚገባውን እንለውጥ።

እንቅልፍ የሚነሣው ካፌይን ነው። ካፌይን ማለት በቡናና በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለ የሚያነቃ ንጥረ ነገር ነው። ቀኑን ስንውል አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ ሥራው መድከማችንን እየነገረ እንቅልፍ ማምጣት ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ እዚያው አለ፤ ነጋሪው ግን መግቢያ አጣ።

ታዲያ ስንት ሰዓት ይቆያል? በጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ በሁለት ሰዓት ከጠጡት ቡና ካፌይን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነትዎ ውስጥ ነው። ሰው ከሰው ይለያያል፤ ጠጥቶ ወዲያው የሚያንኮራፋም አለ። በነፍሰ ጡር ላይ ግን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ጊዜው በጣም ይረዝማል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ወደ መኝታ ሰዓት ተጠግቶ የተወሰደ 100 ሚሊግራም ካፌይን የአንዳንድ አዋቂዎችን እንቅልፍ ሊያውክ እንደሚችል ገልጿል። አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና ወደዚያ ይጠጋል። «ሲኒያችን ትንሽ ነው» ይሉኝ ይሆናል። ትንሽ ነው፤ ግን አቦል ብሎ የጀመረ ሰው በረካን ሳይጠጣ መቼ ይነሣል?

«እኔ ማታ የምጠጣው ሻይ ነው» የሚሉም አሉ። ሻይ ቅጠል ካፌይን አለው፤ በአንድ ትልቅ ኩባያ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ገደማ። ቀጭን ሻይ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። አረንጓዴ ሻይም ከዚያው ከሻይ ተክል የሚለቀም ነው። ስፕሪስ ሻይና ቡና ስለሆነ ከሁለቱም ወገን ያመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅመም ሻይ ነው፤ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ካፌይን የላቸውም፣ ከሥር ያለው ሻይ ቅጠል ግን አለው። በሐረር በኩል ቁጢ የሚባለው የቡና ቅጠል መጠጥም፣ የቡና ገለባ ተፈልቶ የሚጠጣውም ለማታ አይሆኑም።

ካፌይኑ የወጣለት ቡናስ? በፋብሪካ አብዛኛው ይወጣለታል፤ ጥቂት ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። በ1964 እና 1965 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቡድን ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰብስቦ ነበር። ከዚያ ዘር ብራዚል ውስጥ ከበቀሉት ዛፎች መካከል ሦስቱ በተፈጥሯቸው ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ ሆነው መገኘታቸውን የብራዚል ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። ዘሩ የእኛ፣ ግኝቱ የእነሱ ሆነ። ያም ሆነ ይህ ያ ቡና መካነ ሰላም ገበያ ላይ ስለማይገኝ ወደ ጓሮና ወደ ተራራው እንመለስ።

ለደጋ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ጦስኝ ነው። ከ2200 ሜትር በላይ ባለው ደጋ፣ ሣር መሬትና ድንጋያማ ቦታ ላይ ተነጥፎ ይበቅላል። ካፌይን የለውም። ሽታውን የሚሰጠው በቅጠሉ ውስጥ ያለ ዘይት ሲሆን፣ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይገኙበታል። ይህ ዘይት በእንፋሎት ስለሚበር፣ ጦስኝ ክፍት ማንቆርቆሪያ ላይ ሲንተከተክ ቤቱ ይሸታል፤ ብርጭቆው ግን ጣዕም ያጣል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ውሃውን ለብቻው አፍልተው ያውርዱ። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ይጨምሩና ይክደኑት። ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ዘፍዝፈው ያጥሉት። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመርራል።

ዝንጅብልና ቀረፋ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሥርና ቅርፊት ስለሆኑ ዝም ብሎ መዘፍዘፍ አይበቃቸውም። በዚያ ላይ መካነ ሰላም ወደ 2600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆላ ላይ በአሥር ደቂቃ ጣዕሙን የሚሰጥ ዝንጅብል እዚህ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። ቀጥቅጠው ቢከቱት ጊዜውም ከሰሉም ይተርፋል።

ጠጅ ሣር ያላቸው ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ አንድ ሁለት ቅጠል ቆራርጦ መዘፍዘፍ ይበቃል። ናናም ጥሩ ነው፤ ጨጓራው ወደ ላይ ለሚያቃጥለው ሰው ግን ሊያብስበት ይችላል። ከርከዴ ካፌይን የለውም፤ ጎምዛዛ ነው፤ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ስለሚያደርግ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ካሞሚልን የአዲስ አበባ ሱቆች በፓኬት ይሸጡታል። እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ ነው ዋጋው የተሰቀለው፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። እንቅልፍ የማይነሣና እንቅልፍ የሚያመጣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኔ የምነግርዎ ስለ መጀመሪያው ነው።

ፓኬት ሲገዙ የፊቱን ሥዕል ትተው የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ። ፊቱ ላይ ዝንጅብል የተሣለበት ሻይ፣ ጀርባው ላይ «ጥቁር ሻይ» የሚል ካለበት ለጠዋት ያስቀምጡት።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ገብስ ነው። ገብስ ለደጋ ሰው ከጎተራ የሚወጣ ነው። ጣልያኖች ቆልተው እንደ ቡና ያፈሉታል፤ ጃፓኖችም ከተቆላ ገብስ ሻይ ያዘጋጃሉ። እኛ ምጣዱም ጀበናውም አለን። የተለቀመ ገብስ በምጣድ ላይ እያገላበጡ ቡናማ እስኪሆን ይቁሉ፤ ከጠቆረ ይመርራል። ደቁሰው ወይም አስፈጭተው ልክ እንደ ቡና ጀበና ውስጥ ያፍሉት። ቆሎው ሲሸት፣ ጀበናው ሲንተከተክ፣ ሲኒው ሲደረደር የቡናው ሥርዓት እንዳለ ይቀጥላል። ጣዕሙ ቡና አይደለም፤ ቡና ነው ብለው ለእንግዳ ካቀረቡ ይታዘብዎታል። ገብስ ነው ብለው ካቀረቡ ግን ደግሞ ይጠጣል። ስንዴና ገብስ የሚከለክለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ብቻ ይተወው።

ወጪውስ? አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ አንድ ግራም ገደማ ነው። አምስት ሰው በየማታው አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ ወሩን ሙሉ 150 ግራም ያህል ይበቃል። አሁን ስኳሩን ያስሉት። በብርጭቆ ሁለት ማንኪያ፣ በማንኪያ አራት ግራም ቢሆን፣ ያው ቤተሰብ በማታ 40 ግራም፣ በወር 1200 ግራም ስኳር ይጠጣል። ኪስ የሚጎዳው ቅጠሉ ሳይሆን ስኳሩ ነው። ከሁለት ወደ አንድ ማንኪያ መውረድ የጦስኙን ወጪ ራሱ ሊሸፍን ይችላል። ማር ያለው ቤት ጥቂት ጠብ ያድርግ፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ጦስኙን ራስዎ የሚለቅሙ ከሆነ ጫፉን በመቀስ ወይም በማጭድ ይቁረጡ እንጂ ከነሥሩ አይንቀሉት፤ የተነቀለው ለከርሞ አይገኝም። ከቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ግን ያለ ፈቃድ አይለቀምም። ያመጡትን በጥላ ሥር ያድርቁት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ያ ሽታ ያለው ዘይት ይተናል።

ስለ ጤና አዳም ጠንከር ብዬ ልናገር። ወሎ ላይ ቡና ውስጥ ቅንጣቢ ጣል ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ለሌላው ሰው ያች ቅንጣቢ አታሳስብም። ነፍሰ ጡር ግን አትንካው፤ ማሕፀንን የሚያኮማትርና ፅንስን ሊያስወርድ የሚችል ተክል ነው። ለማንም ቢሆን እንደ ሻይ ተዘፍዝፎ በብርጭቆ አይጠጣም። ዳማከሴም የምች መድኃኒት ሆኖ ይቆይ፤ የየማታ መጠጥ አያድርጉት። የስኳር፣ የግፊት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አንድን ቅጠል በየቀኑ መጠጣት ከመጀመራቸው በፊት ለጤና ባለሙያ ይንገሩ። ጦስኝ ለግፊት ይጠቅማል ብሎ የታዘዘን ኪኒን ማቋረጥ ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቡናዬን ልተወው?» አይተውት። አቦሉን ቀን ስምንት ሰዓት ሳያልፍ ይጠጡት። ማታ ጎረቤት ሲሰበሰብ ገብሱን በጀበና፣ ጦስኙን በፔርሙዝ ያቅርቡ። ብርጭቆውንም ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀድመው ይጨርሱት፤ ካፌይን ባይኖረውም ውሃ ነውና ሌሊት በብርድ ወደ ደጅ ማስወጣቱ አይቀርም።