ኬጂ የማን ልጅ ነው?

አርጆም ሆነ ነቀምቴ፣ ትንሽ ልጅ ትምህርት ሲጀምር «ኬጂ ገባ» ይባላል። ኬ የ«ኪንደር»፣ ጂ የ«ጋርተን» መነሻ ፊደል ነው፤ ሁለቱም ጀርመንኛ። ልጆችና የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ኤልኬጂና ዩኬጂ ላይ የተቀጠሉት ኤልና ዩ ግን እንግሊዝኛ ናቸው፤ ታችኛውና ላይኛው።

ሁለቱን ቃላት ያጣመረው ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ለሕፃናት የከፈተው ቤት ስሙ ሲተረጎም የእንክብካቤ፣ የጨዋታና የሥራ ተቋም ነበር። ይህን ለጎረቤት ጠርታ የምትጨርስ እናት አትገኝም። በ1840 ኪንደርጋርተን አለውና ተገላገለ፤ ልጅ እንደ ችግኝ ተኮትኩቶ ያድጋል የሚለው እምነቱም በስሙ ውስጥ ገባ። የፕሩሲያ መንግሥት ግን የፍሮብልን ሐሳብ ከሶሻሊስቱ የወንድሙ ልጅ ሐሳብ ጋር አምታቶ በ1851 ቤቶቹን ዘጋ። ፍሮብል በዓመቱ ሞተ፤ እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። እስከዚያው ጀርመናውያን ስደተኞች ቃሉን አሜሪካ አድርሰውታል፤ ማርጋሬተ ሹርዝ በ1856 ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ከፍታ ነበር። እንግሊዝኛ ወደ «ጋርደን» ሳይተረጉም ከነ«ት»ው ወሰደው፤ ለኛም በምህጻር ደረሰን።

የዘር ሐረጉ ደግሞ ሩቅ ነው። «ኪንድ» (ነጠላው) መውለድ ከሚል ጥንታዊ ሥር ይመዘዛል። ከዚያው ሥር በላቲንና በግሪክ በኩል የወረዱት «ጂን» እና፣ መብራት ሲጠፋ የምናስነሣው «ጄኔሬተር» ናቸው፤ እነሱ ዘንድ በ«ግ» የቀረው ድምፅ በጀርመናውያኑ በኩል «ክ» ሆኗል። «ጋርተን» የታጠረ ቦታ ነው፤ የሌኒንግራድ «ግራድ» ዘመዱ ነው።

ጥምረቱን ለመረዳት ገልብጡት። ጀርመንኛ የጥምር ቃልን አለቃ፣ ማለትም ዋናውን ቃል፣ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ጋርተንኪንደር» ብትሉ የአትክልቱ ቦታ ልጆች ይሆናሉ። አርጆ ላይ በየቀኑ የሚሰማው ኦሮምኛ አለቃውን ያስቀድማል፤ ትምህርት ቤት «መና በሩምሳ» ነው፣ ቤቱ ቀድሞ። ከግዕዝ የወረስነው «መዋዕለ ሕፃናት»ም እንዲሁ ነው።

«መዋዕል» ከመዋል ነው፤ የልጆች መዋያ። ኦሮምኛውም የሕፃናት ማቆያውን «ኦልማ ዳኢማኒ» ይለዋል፤ «አካም ኦልቴ» ብሎ እንዴት ዋልክ ከሚጠይቅበት ከዚያው «ኦሉ» ከሚለው ግስ። ፍሮብል ያየው ቦታውን ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ ያዩት ውሎውን።