ስለ ማያሚ ኳስ ተጫዋቾችና ስለ አንዲት ደብዳቤ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና መጻፍ የተለመደ ስለ ሆነ፤ ዛሬ ስለ አሜሪካኖች የኳስ ጨዋታ መጻፋችንን የሚያይ ሰው፤ ይህ ደግሞ የቤተ ሰብ ነገር ነውን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ ይህንኑ አስበን ነበር። ነገር ግን የአንዱን ቡድን ታሪክ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በተመለከትን ጊዜ፤ የሜዳው ወሬ ሲያልቅ የቤቱ ወሬ የሚጀምር ሆኖ አገኘነው። ቡድኑ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ግዛት በማያሚ ከተማ የሚገኝ፤ ማያሚ ዶልፊንስ የሚባል ነው። ዘመኑም በፈረንጆች ቈጠራ 1972 ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሰውም ዓመት በዚሁ ቈጠራ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት ጨዋታ፤ ሌላው ዓለም እግር ኳስ ከሚለው ጋር በስም እንጂ በግብር አንድ አይደለም። ኳሱ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ ያለው ሞላላ ነው፤ የሚያዘውም አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ነው። ከየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ የሜዳውም ርዝመት 100 ያርድ ነው። ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ይህን ካልቻለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። ኳሱን ይዞ እስከ ባላጋራው ዳርቻ የደረሰ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያም ኳሱን በሁለቱ ዐምዶች መካከል በእግሩ መትቶ ቢያሳልፍ 1 ይጨመርለታል። ዳርቻው ሳይደርስ ከሜዳው ላይ መትቶ ቢያሳልፍ ግን 3 ያገኛል። ከሁሉ የከበረው ተጫዋች ኳርተርባክ የሚባለው ነው፤ ኳሱ በመጀመሪያ በእርሱ እጅ ይገባል፤ ለሯጭ የሚሰጠው ወይም ወደ ሩቅ የሚወረውረው እርሱ ነው። የቀሩት ተጫዋቾች መንገድ ለመክፈትና መንገድ ለመዝጋት በሙሉ ኀይላቸው ይጋጫሉ። ስለዚህም ራሳቸውን በቁር፤ ትከሻቸውን በመከታ ሸፍነው ይገባሉ። አንባቢ ይህን ቁር አይርሳው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የማያሚ ቡድን መጫወት የጀመረው በ1966 ነው። በ1969 ካደረጋቸው 14 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነበር። በ1970 ሚስተር ዶን ሹላ ከባልቲሞር ቡድን መጥተው አሠልጣኝ ሆኑለት። ሥራ የማይታክታቸው፤ ስንፍናን ሲያዩ የሚቈጡ ሰው ስለ ነበሩ፤ ተጫዋቾቻቸውን በቀን አራት ጊዜ እስከ ማሠልጠን ደርሰዋል። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑ ሱፐር ቦውል እስከሚባለው እስከ መጨረሻው የዋንጫ ጨዋታ ደረሰ፤ ነገር ግን በጥር ወር 1972 የዳላስ ቡድን በኒው ኦርሊንስ ከተማ 24 ለ 3 አሸነፈው። ለሚስተር ሹላ እንዲህ ያለው ኀዘን ሁለተኛ ጊዜ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የባልቲሞርን ቡድን ይዘው ያሸንፋሉ ሲባሉ፤ ጄትስ በሚባለው በኒው ዮርክ ቡድን 16 ለ 7 ተሸንፈው ነበርና። ስለዚህ ሹላ ትንሹን ጨዋታ እንጂ ትልቁን ማሸነፍ አይሆንላቸውም የሚል ወሬ ተነሣባቸው።

በዚያ በ1969 ሽንፈት የባልቲሞር ኳርተርባክ ኧርል ሞራል ነበር። ስለዚህ ሰው ጥቂት ማስረዳት ያስፈልገናል። ጆኒ ዩናይተስ የሚባለው እጅግ ስመ ጥሩ ተጫዋች ክንዱን ስለ ታመመ ሞራል በምትኩ ገብቶ፤ በዚያው ዓመት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ የበለጠ ተብሎ ተመርጦ ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ግን የወረወረውን ኳስ ባላጋራዎቹ ሦስት ጊዜ ቀለቡት፤ ሽንፈቱም በእርሱ ላይ ተቈጠረ። የሚያስደንቀው ያ ጨዋታ የተደረገው በዚያው በማያሚ ከተማ፤ ኦሬንጅ ቦውል በሚባለው ሜዳ መሆኑ ነው። በ1972 ባልቲሞር ሞራልን አሰናበተው። ሚስተር ሹላ ግን የቀድሞውን ሰው አልረሱምና ወደ ማያሚ አስመጡት፤ ስለ እርሱ የተከፈለውም ገንዘብ 100 ዶላር ብቻ ነበር። ዕድሜው 38 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ይህም በዚህ ጨዋታ ሽምግልና ነው። የተቀጠረውም በወንበር ተቀምጦ፤ ቦብ ግሪሲ የሚባለው ወጣት ኳርተርባክ አንድ ነገር ቢያገኘው በቦታው እንዲገባ ነው።

ውድድሩ በመስከረም ተጀመረ። ማያሚዎች የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች አሸነፉ፤ ከነዚህም ከሚኒሶታ ጋር የተደረገው ሊያመልጣቸው ጥቂት ቀርቶ 16 ለ 14 የተፈጸመ ነበር። በአምስተኛው ጨዋታ ከሳን ዲየጎ ጋር ሲጫወቱ ሁለት ግዙፋን ሰዎች ግሪሲን በአንድ ጊዜ ጣሉት፤ የእግሩ አጥንት ተሰበረ፤ ቍርጭምጭሚቱም ወለቀ። ሕዝቡ ዝም አለ። የዓመቱ ተስፋ በቃሬዛ እንደ ወጣ ሁሉም ገመተ። ሞራል ከወንበሩ ተነሥቶ ገባና ጨዋታው 24 ለ 10 በማያሚ አሸናፊነት ተፈጸመ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቡፋሎን ያሸነፉት በአንዲት ነጥብ ብልጫ፤ 24 ለ 23 ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ እየጠነከረ ሄደ። ሞራልን ያሰናበተውን የባልቲሞርን ቡድን በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ገጥመው፤ አንድ ጊዜ 23 ለ 0፤ ሁለተኛ ጊዜ 16 ለ 0 አሸነፉት፤ በሁለቱም ቀን ባልቲሞር አንዲት ነጥብ እንኳ አላገኘም። የኒው ኢንግላንድን ቡድን 52 ለ 0 ድል አደረጉት። ሚስተር ሹላ ሽማግሌው ክንድ እንዳይደክም በማሰብ አብዛኛውን ሥራ ለሯጮች ሰጡ። ላሪ ዞንካ እንደ በሬ እየገፋ 1,117 ያርድ ሮጠ፤ ሜርኩሪ ሞሪስ ደግሞ በፍጥነቱ ልክ 1,000 ያርድ ሮጠ። ለሞሪስ በመጀመሪያ የተቈጠረለት 991 ነበር፤ የሊጉ ሰዎች የአንዱን ጨዋታ ፊልም ዳግመኛ መርምረው ያለ አግባብ የተቀነሰበትን 9 ያርድ መለሱለት። በመዝገብ ሥራ የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ደስ ይለዋል። በአንድ ዓመት ከአንድ ቡድን ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ሲሞሉ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

የሚከላከሉት ተጫዋቾች ደግሞ ስም የለሾቹ ይባሉ ነበር፤ ይህም የዳላሱ አሠልጣኝ ሚስተር ቶም ላንድሪ ስማቸውን ለማስታወስ እንዳልቻሉ ስለ ተናገሩ የወጣላቸው ነው። ለእነዚህ መሪያቸው ኒክ ቦኒኮንቲ ነበር፤ ቁመቱ ለሥራው አጭር ነው እየተባለ የተናቀ፤ ነገር ግን የባላጋራውን አሳብ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

በዚህ ዓይነት 14ቱንም ጨዋታ አሸነፉ። ከዚያ በኋላ በማጣሪያው በገና ዋዜማ የክሊቭላንድን ቡድን 20 ለ 14 አሸነፉ። ቀጥሎ ከፒትስበርግ ጋር መጋጠም ነበረባቸው፤ በዚያም ዘመን የማጣሪያው ሜዳ የሚወሰነው በተራ እንጂ በውጤት ስላልነበረ፤ ያልተሸነፈው ቡድን ተነሥቶ ወደ ተሸነፈው ቡድን ከተማ ሄደ። የሞራል ጨዋታ በዚያ ቀን አልሠመረም። እኩሌታው ካለፈ በኋላ እግሩ የዳነለት ግሪሲ በምትኩ ገባ፤ 21 ለ 17 አሸነፉ። ሚስተር ሹላም ለሞራል የመጨረሻውን ጨዋታ የሚጀምረው ግሪሲ መሆኑን ነገሩት።

እዚህ ላይ እናቁም። ሥራውን በአደራ ተቀብሎ ሳያጐድል ያደረሰ ሰው፤ የክብሩ ቀን በቀረበ ጊዜ ለባለቤቱ መልስ ሲባል ምን ይሰማዋል? ብዙ ሰው ያኰርፋል፤ ማኵረፍ እንኳ ባይችል ጓደኞቹን ለሁለት ይከፍላል። ሞራል እንዳዘነ አልሸሸገም፤ ነገር ግን በቡድኑ ውስጥ ጠብ እንዲነሣ አላደረገም። የተሰጠው ሥራ ሌላ ነበር፤ ይኸውም መቺው ኳሱን በእግሩ ሲመታ፤ በመሬት ላይ ተንበርክኮ ኳሱን በጣቱ ደግፎ መያዝ ነው። በዚያ ዓመት ከሁሉ የከበረውን ሥራ የሠራ ሰው ይህን ተንበርክኮ ሠራ።

መቺውም ጋሮ ዬፕሬሚያን ይባላል። በቆጵሮስ ደሴት በላርናካ ከተማ ከአርመን ወላጆች የተወለደ፤ ጠጕሩ የሳሳ፤ በግዙፋኑ መካከል ሲታይ ልጅ የሚመስል አጭር ሰው ነው። አሜሪካ በገባ ጊዜ ይህን ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም ነበር፤ ክራባትም እየሰፋ ይሸጥ ነበር። እግሩ ግን የታመነ ነበር፤ ሚኒሶታን ባሸነፉ ቀን ከ51 ያርድ ርቀት ያገባው እርሱ ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ በጥር 14 ቀን 1973 (በእኛ ቈጠራ በጥር 6 ቀን 1965 ዓ.ም.) በሎስ አንጀለስ ከተማ 90,182 ተመልካች ባለበት ከዋሽንግተን ቡድን ጋር ተደረገ። ሊያልቅ ከሁለት ደቂቃ ጥቂት ብቻ ሲተርፍ ማያሚ 14 ለ 0 ይመራ ነበር። ዬፕሬሚያን ከ42 ያርድ እንዲመታ ተላከ፤ ቢያገባው 17 ለ 0 ይሆናል፤ ጨዋታውም 17ኛው ስለ ነበር ቍጥሩ እንዴት ባማረ። ሞራል ኳሱን ያዘለት፤ እርሱም መታው፤ አንድ የዋሽንግተን ሰው በእጁ መለሰው። ኳሱ ተንከባሎ ወደ መቺው መጣ። ልምድ ያለው ሰው ቢሆን በኳሱ ላይ ይተኛበትና ነገሩ ያልቅ ነበር። ዬፕሬሚያን ግን አንሥቶ ሊወረውር ሞከረ፤ ኳሱ ከእጁ ሾለከ፤ እንደ ገና በእጁ ወደ ላይ አጐነው፤ ማይክ ባስ የሚባል የዋሽንግተን ተጫዋች ከአየር ላይ ቀልቦ 49 ያርድ ሮጦ አገባው። 14 ለ 7 ሆነ። የቀረችው ደቂቃ ለማያሚዎች እንደ ዓመት ረዘመች። ዋሽንግተን ኳሱን ዳግመኛ ቢያገኝም ሰዓቱ አለቀበት፤ ማያሚ 17ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ወጣ።

ድሉ የሁሉ ሆነ፤ ስሕተቱ ግን የአንድ ሰው ብቻ ሆነ። የዚያ ኳስ ምስል በቴሌቪዥን ደጋግሞ ታየ፤ ሕዝቡም ሣቀ። ዬፕሬሚያን ያለ እርሱ ፍጹም ይሆን የነበረውን ዓመት ያበላሸ መስሎት በኀዘን ሰነበተ። በዚያን ጊዜ በሚስተር ሹላ ስም የተፈረመ ደብዳቤ ደረሰው። አሠልጣኙ ለቡድኑ ባደረገው ሥራ እንደሚኰሩበት፤ የሰውንም ነቀፋ እንዳይሰማ የሚያጽናና ነበር። ቍጡ ከሆነ አለቃ እንዲህ ያለ ቃል መምጣቱ ልቡን መለሰለት። በማያሚ ብዙ ዓመት ተጫወተ፤ ደብዳቤውንም አልረሳውም።

አሁን ወደ ቁሩ እንመለስ። ቁር አጥንትን ይጠብቃል፤ አንጐልን ግን በውስጡ ከመናወጥ አያድንም። ትንሹ ምት ሺህ ጊዜ ሲደጋገም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ማስተዋልን፤ ጠባይንና የእጅ እግርን መታዘዝ እየነጠቀ የሚሄድ ደዌ እንደሚያመጣ ሐኪሞች ተረድተዋል። በኳስ ተጫዋች አንጐል ይህን ደዌ በመጀመሪያ ያገኙት በናይጄሪያ የተወለዱት ሐኪም ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ናቸው፤ በ2002 በሞተው በፒትስበርጉ በማይክ ዌብስተር ላይ። ደዌው በእርግጥ የሚታወቀው ሰውዬው ከሞተ በኋላ አንጐሉ ሲመረመር ነው፤ ስለዚህ በሕይወት ሳለ ሚስቱና ልጆቹ አባታችን ምን ሆነ እያሉ ይኖራሉ። ኧርል ሞራል በ2014 በ79 ዓመቱ ሞተ፤ አንጐሉ ሲመረመር ደዌው ከመጨረሻው ደረጃ የደረሰ ሆኖ ተገኘ።

የቦኒኮንቲ ቤት መከራ ድርብ ነው። ልጁ ማርክ የአባቱን መንገድ ተከትሎ በኮሌጅ ሲጫወት፤ በ1985 አንገቱን ተጐድቶ ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። አባትየው ከሐኪሞች ጋር ሆኖ የሰረሰር ጉዳት መድኀኒት የሚመረመርበትን ማኅበር በማያሚ አቋቋመ፤ ለዚህም ገንዘብ ለመሰብሰብ ከተማ ለከተማ ዞረ። በኋላ የእርሱም ማስተዋል ደከመ። በ2017 ከሞተ በኋላ አንጐሉ ለምርመራ እንዲሰጥ መናዘዙን በአደባባይ አስታወቀ፤ በ2019 ዐረፈ። ልጃችን ይጫወት ወይስ ይቅር እያሉ በአሜሪካ ብዙ አባትና እናት በማዕድ ዙሪያ የሚከራከሩት እንዲህ ያለውን እያዩ ነው። እኛ ከሩቅ ሆነን ፍርድ ለመስጠት አንደፍርም፤ አባቱን በሜዳ አይቶ ያደገን ልጅ ከልክሎ ማስቀረት ቀላል አለመሆኑን ግን እናውቃለን።

የቡድኑ ክብር እስከ ዛሬ አልተነካም። በ2007 የኒው ኢንግላንድ ቡድን ያለ ሽንፈት እስከ መጨረሻው ጨዋታ ደርሶ፤ በየካቲት 2008 ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ተጫውቶ 17 ለ 14 ተሸነፈ። በ2013 ፕሬዚዳንት ኦባማ የማያሚን ሽማግሌዎች ከ40 ዓመት በኋላ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው ተቀበሏቸው። ሚስተር ሹላ 347 ጨዋታ በማሸነፍ ከአሠልጣኞች ሁሉ በልጠው በ2020 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ዬፕሬሚያንም በ2015 ሞቷል።

ሁለቱ በሕይወት ሳሉ፤ ከዚያ ጨዋታ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፤ ዬፕሬሚያን ሚስተር ሹላን ስለዚያች ደብዳቤ አመሰገናቸው። ሚስተር ሹላ ግን ምን ደብዳቤ አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፉም ነበርና። ጽፋ በባልዋ ስም ፈርማ የላከችው ባለቤታቸው ሚሲስ ዶሮቲ ሹላ ኖራለች፤ ለባልዋም አልነገረችውም። ዶሮቲ የሞተችው በ1991 ነው።