ካቻቢቴው ይቆይ

ደሴ ላይ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ከሚመጡልኝ ወጣቶች ብዙዎቹ ገና ሳይወርዱ «ጋሼ፣ ካርቡራቶሯን ያስተካክሉልኝ፤ ሚኒሞ አትይዝም» ይላሉ። እኔ ግን ካቻቢቴ አላነሳም። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥቼ ካንዴላውን እፈታለሁ። ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ካርቡራቶር ምን ያድርግ? የካንዴላው ጫፍ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አየር በዝቶ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነውና ጥፋቱን ሌላ ቦታ ነው የምፈልገው።

ሰው የማይጠረጥረው ዳገቱን ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለች ሞተር ዳገቱን ወጥታ እኛ ዘንድ ስትደርስ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ጉልበቷም ይደክማል። የሚያስፈራኝ ግን ግልባጩ ነው፤ ደሴ ላይ ቤንዚን ቆጥበው ያስተካከሏትን ይዘው በባቲ አድርገው ሚሌ ሲወርዱ፣ አየር በዝቶባት ፒስተኗን ልታቃጥል ትችላለች።

ካርቡራቶር የምፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ቤንዚኑን ዘግቼ፣ ጎረቤቴ ቡና ከምታፈላበት ከሰል ርቄ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ እሳቱ ዘንድ ይደርሳል። በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ በሽቦ መጎርጎር ደግሞ ክፉ ልማድ ነው፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳዋ ይሰፋል፣ ከዚያ ወዲያ ልክ አይመጣም። በማጽጃ ዘፍዝፎ በኮምፕሬሰር መንፋት ይበቃል፣ መነጽር አድርጎ።

ማስተካከሉ ግን ሞተሩ ሞቆ፣ ደጅ ላይ ነው፤ የተዘጋ ቤት ውስጥ ጭሱ ሽታ በሌለው መርዝ ይገድላል። የድብልቋን ብሎን ከመንካቴ በፊት ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቀስ ብዬ እስክትነካ አጥብቄ ስንት ዙር እንደሄደች እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ። አደራ፣ በኃይል አታጥብቋት፣ ጫፏ ይበላሻል። ብሎኗ ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ነው የምትመጥነው፤ ስትላላ ቤንዚን ይጨምራል። ወደ ፊልትሮው በኩል ከሆነች አየር ትመጥናለች፣ ነገሩም ይገለበጣል። ይህን ሳይለዩ የሚያዞሩ ስንቶች ናቸው! ሩብ ሩብ ዙር እያዞርኩ፣ በየመሐሉ ትንሽ እየጠበቅኩ፣ ድምፁ ከፍና ለስለስ የሚልበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ከዚያ ሚኒሞውን ወደ ልኩ አወርዳለሁ፤ ለትንንሾቹ ሞተሮች በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ነው።

በመጨረሻ መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዞራለሁ። ድምፁ ከፍ ካለ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሯል ማለት ነው፤ ኩርባ ላይ ራሷ ትፈተለካለች። ገመዱን ሳላስተካክል ቁልፉን አልመልስም።