ሞቱ የሚያጠራጥር ሰው ሲገኝ ለመንግሥት ስለ ማስታወቅ

ሰው ሁሉ ሟች ነው፤ ነገር ግን ሞት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሕመም ተኝቶ ቤተ ሰቡ ሲያስታምመው የሞተውን አልቅሶ መቅበር የወገን ፈንታ ነው። በሜዳ ወይም በወንዝ ወድቆ የተገኘ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የታየ፣ ቍስል ወይም የመታነቅ ምልክት ያለበት፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለም በድንገት የሞተ ሰው ግን አስቀድሞ ለሹም ሳይነገር ሊቀበር አይገባም።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ሰው ሲሞት ቅሬው ተሰብስቦ ፈጥኖ ይቀብራል፤ እስላሙና ክርስቲያኑም በአንድነት ኀዘንተኛውን ያጽናናል። ይህ ልማድ መልካም ነው። ነገር ግን ሬሳው ከታጠበና ከተገነዘ በኋላ ሐኪም የሚመረምረው ምልክት ይጠፋል። ዳኛ ያላጣራውን ሞት ሐሜት ይይዘዋል፤ ሐሜትም ደም መላሽን ያስነሣል፤ በዚህም ንጹሕ ሰው ይሞታል።

ማስታወቅ ዛሬ የተጀመረ ሥርዓት አይደለም። በቀድሞ ዘመን ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሸንጎ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገር ነበር።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንም ሰው ስለ ወንጀል ለማመልከት መብት እንዳለው ደነገገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በ443ኛው አንቀጽ ግዴታን ያዝዛል። ይኸውም በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን፣ ወይም የፈጸመውን ሰው እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላስታወቀ እስከ 1000 ብር መቀጮ ወይም እስከ 6 ወር ቀላል እሥራት ይቀጣል። ከባድ የሰው ግድያ ከነዚህ ወንጀሎች አንዱ ነው። ግድያው ከባድ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ግን ዳኛ ነውና፣ ባላገር «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ዝም ማለት አይገባውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም አስቀድሞ የወደቀው ሰው ነፍስ እንዳለው ይታይ፤ ካለውም ይረዳ። ሞቶ እንደ ሆነ ሬሳው ከስፍራው አይነሣ፤ በአጠገቡ ያለው ቢላዋ፣ ገመድ ወይም ዕቃ አይነካ። ጠባቂ ይቁም፤ ፈጥኖም ለቀበሌው ሹምና ለፖሊስ ይላክ። የሚናገርም ሰው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገር፤ በግምት «ገዳዩ እገሌ ነው» አይበል፤ በሐሰት መወንጀል ራሱ ያስቀጣልና።

ሽማግሌዎች ደም ማድረቃቸው የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ዕርቅ ግን የማስታወቅን ግዴታ አያስቀርም። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፣ ሽማግሌዎችም በቅሬያቸው ስብሰባ ቢያስረዱ፣ የሟች ደም በከንቱ አይቀርም፤ ንጹሑም በሐሜት አይጠፋም።