የበረዶው መጠን ብቻውን አይበቃም

ጥር ላይ ኮሎራዶ ልጄ ቤት ሳለሁ፣ የ9 ዓመቷ የልጅ ልጄ «እማማ፣ 8 ኢንች አዲስ በረዶ ጥሏል!» ብላ ቀሰቀሰችኝ። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ደስ ብሎን ተራራ ላይ ወዳለ የበረዶ ሸርተቴ ስፍራ ሄድን። ትንበያው ላይ የበረዶውን መጠን እንጂ ነፋሱን ያየ አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ የልጅቷ ጣቶች ነጥተው ደነዘዙ። ብርድ የመታው ቆዳ ከታሸ ይጎዳል፤ ስለዚህ እርጥብ ጓንቷን አውልቄ እጇን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከርኩላት። ጣቶቿ ሲቀሉ እኔም ተነፈስኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

ነፋሱ ምን ያህል ነው? ነፋስ ብርዱን ያብሳል።

ሌሊቱ ቀዝቅዟል? ቀን የቀለጠ በረዶ ሌሊት ከረጋ ጠዋት እንደ መስታወት ያንሸራትታል።

የቁልቁለቱ ምልክት ምንድን ነው? በአሜሪካ አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለመካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ለሠለጠነ ነው።

የተዘጋው የትኛው ነው? ከገመዱ ማዶ የበረዶ ናዳ ሊኖር ይችላል።

ልጆቻችሁ በብርድ አገር ያሉ ወላጆችና አያቶች፣ በስልክ «ስንት ጣለ?» ካላችሁ በኋላ «ነፋሱስ?» ማለትን አትርሱ።